ሥዕል የሚያድርበት ቤት

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ አድባራት ሥዕል የሚኖረው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። መጋረጃው ለጸሎት ይገለጣል፣ ለክብር ይጋረዳል። ብራናው፣ መስቀሉ፣ መሳፍንትና ነገሥታት የሰጡት ካባ ከዕቃ ቤት የሚወጣው ቀን ጠብቆ፣ ታቦት በሚወጣበት በንግሥ ነው። ቁልፉ ገበዙ ዘንድ ውሎ ገበዙ ዘንድ ያድራል። ገበዝ ያለውን ሁሉ አያሳይም፤ ያየውንም ሁሉ አያወራም። ቅርሳችን ከእሳትና ከዘራፊ፣ ከጦርና ከሻጭ ለብዙ ዘመን የተረፈው በዚህ ዝምታ ነው። ይህን ዝምታ ኋላ ቀርነት የሚለው ሰው ከዳባት እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ያለው ሕዝብ ምን እንዳለፈበት አልጠየቀም።

የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተር ሥራ የዚህ ተቃራኒ ይመስላል። ገበዙ ሰውሮ ያኖራል፤ ዳይሬክተሩ ገልጦ። ሁለቱም ግን ቁልፍ ይይዛሉ፤ ቁልፍ የያዘ ደግሞ ሳይናገር ይፈርዳል። ይህ ይግባ፣ ያ ይቅር፤ ይህ ከፊት ይሰቀል፣ ያ ጓዳ ይደር። ስለዚህ ፍርድ እንዳስብ ያደረጉኝ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ዶክተር ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል የተባለውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለዓመታት መርተዋል። ሥራቸውን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከደባርቅ ሆኜ ልመዝነው እፈልጋለሁ። ሙዚየም የሚባለው ነገር ወደዚህ አገር የመጣበት መንገድ አለ፤ ያ መንገድ ካልታወቀ የእሳቸው ሥራ ክብደቱ አይታወቅም።

ከደረስጌ ልነሣ። ጃናሞራ ያለችው ደረስጌ ማርያም የሰሜን ገዥ የነበረው የደጃዝማች ውቤ ደብር ናት። ከግንባታዋ ታሪክ ጋር ሁለት ጀርመኖች ይነሣሉ፤ አንዱ ዕፅዋት ሲሰበስብ አገር የለመደው ሺምፐር፣ ሌላው ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር። ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል አድርጎ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው በ1847 ዓ.ም. በየካቲት፣ በዚህችው ደብር ነው፤ ውቤ ለራሱ ባዘጋጀው ቤት ሌላው ዘውድ ጫነ። ቴዎድሮስ በኋላ ከጎንደር አድባራት ብዙ ብራና ሰብስቦ መቅደላ አወጣ። የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ሊያቆም፣ መጻሕፍቱንም በአንድ ቤት ሊያኖር አስቦ ነበር። ወደዚያ ሲሰበሰቡ የጎንደር ሊቃውንት ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያዳግትም፤ የቴዎድሮስ ስብስብ ራሱ ከቤት ወደ ቤት በኃይል የተደረገ ዝውውር ነበር። ይህን ስለ ንጉሡ ፍቅር ሲባል መሸፈን አይገባም።

ከዚያ የእንግሊዝ ጦር መጣ፤ ከጦሩም ጋር ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው። ሙዚየሙ ራሱ ነው መርጦ የላከው። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ መጻሕፍቱ ተበተኑ፤ ከ350 የማያንሱ ብራናዎች ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ነገሥታት ሲዘምቱ ይዘውት የሚወጡትን ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል ሆምስ ለራሱ ወሰደው። የእሾህ አክሊል የደፋው ይህ የክርስቶስ ሥዕል በግለሰብ ቤት ለዓመታት ከቆየ በኋላ ተሸጦ፣ ዛሬም ያለው በግል ይዞታ ውስጥ ነው። እንግዲህ በእኛ በኩል የመጀመሪያው የሙዚየም ባለሙያ ፊት ይህ ነው። ዕውቀት ነበረው፤ የሚያየውን ያውቃል፤ ከወታደሩ ይልቅ እሱ ነው የትኛው ዕቃ ትልቅ እንደሆነ የለየው። ዕውቀቱ ጥፋቱን አላቀለለለትም፤ እንዲያውም የከፋው እዚህ ላይ ነው።

ከመቅደላ ውድቀት 64 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ የፈረንሳዊው የማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን ጎንደር ደረሰ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ ተላቀው ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ ዛሬ ያሉት በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። በቦታቸው አዲስ ቅጂ የሣለው ከቡድኑ ጋር የመጣው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነበር። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ዘመናዊ ሠዓሊ ጎንደር መጥቶ ብሩሽ አነሣ፤ ያነሣው ግን ከእኛ ሠዓሊ ጋር ሊነጋገር አይደለም፣ የጎደለውን ግድግዳ ሊሸፍን ነው። ዋናው ፓሪስ ሄደ፣ ቅጂው ጎንደር ቀረ። ከዚህ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስለ አፍሪካ ሥነ ጥበብ ሲወራ ግን ነገሩ ተገልብጦ ተነገረ፤ ዋናው የአውሮፓ ነው፣ ቅጂ የሚሠራው አፍሪካዊ ነው ተባለ።

ይህ አነጋገር በጎዳና የሚወራ ብቻ አልነበረም። የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የመጀመሪያ ዳይሬክተር አልፍሬድ ባር ሹመቱን ሲቀበል፣ እ.ኤ.አ. በ1929፣ የ27 ዓመት ወጣት ነበር። በ1936 ለአንድ ትልቅ ዐውደ ርእይ ሲል የዘመናዊ ሥነ ጥበብን የዘር ሐረግ በሥዕላዊ ሠንጠረዥ አወጣ። ቀስቶች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ ስልት ከማን እንደ ተወለደ ያሳያሉ። አፍሪካ በሠንጠረዡ ውስጥ አለች፤ ያለችው ግን «የጥቁር ሕዝብ ቅርጻ ቅርጽ» ተብላ፣ በአንዲት ሣጥን ውስጥ፣ የሠሪ ስም የሌለው ምንጭ ሆና ነው። ከእሷ ቀስት ይወጣል፤ ወደ እሷ የሚገባ ቀስት የለም። ባር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለማያውቀው ነገር ዓይኑን የሚከፍት፣ ለሚያምንበት ሥራ የሚከራከር፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ከዳይሬክተርነቱ ሲነሣ እንኳ ሙዚየሙን ጥሎ ያልሄደ ሰው ነበር። ያ ሙዚየም በ1960ዎቹ የኢትዮጵያዊውን ሠዓሊ የእስክንድር ቦጎሲያንን ሥዕል ገዝቶ ሲያኖር ባር የስብስቡ ኃላፊ ሆኖ እያገለገለ ነበር። እስክንድር ከጥንቱ ብራናችን ተምሮ፣ ፓሪስ ተቀምጦ፣ ለማንም ምንጭ ለመሆን ሳይፈቅድ የሣለ ሰው ነው። ሠንጠረዡ ግን አልተቀየረም። አንድ ዳይሬክተር በወረቀት ያሠመረው መሥመር ከእሱ ዕድሜ በላይ ይኖራል።

የኤልሳቤጥን ሥራ የማየው ከዚህ ሠንጠረዥ አጠገብ አስቀምጬ ነው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሙዚየም ጥናት፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተምረው ዶክትሬታቸውን ያዙ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን መሩ፤ የትዕይንትና የእይታ ጥበባት ኮሌጅ ዲን ሆኑ፤ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ማእከል በዳይሬክተርነት ያዙ። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ እኔን የሚያቆመኝ ሁለቱ ኃላፊነቶች፣ የጥናት ተቋሙና የማእከሉ፣ መገናኘታቸው ነው። የጥናት ተቋሙ ሙዚየም በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው ያለው። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በትዕግሥት ያሰባሰቧቸው የቅዱሳን ሥዕሎች፣ የጎንደር ሊቃውንት እጅ ያረፈባቸው ጭምር፣ ከሙዚቃ መሣሪያና ከቤት ዕቃ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ደግሞ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ በእግር የሚደረስበት ነው። አንደኛው ቤት ሕዝብ የሚጠናበት ነው፣ ሁለተኛው ሠዓሊ በስሙ የሚከበርበት። ኤልሳቤጥ በሕይወታቸው የሁለቱንም ቤት ቁልፍ ይዘዋል። የኢትዮጵያ ሥዕል በሁለት ቤት ተከፍሎ የሚኖርበትን ምክንያት ከእሳቸው በላይ ሊጠይቅ የሚገባው ማን ነው?

ጥያቄውን በመጽሐፍም ጠይቀውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሥነ ጥበብ የሚመለከተው ጥናታቸው ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ተነሥቶ እስከ ቅርቡ ዘመን ይደርሳል። ክርክራቸው ለእኛ ለሰሜኖቹ የሚመች አይደለም። ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችምና ታሪኳ ከአፍሪካ ታሪክ ተነጥሎ ይታይ የሚለውን ልማድ አይቀበሉም፤ ዓለምን የቀየረው የቅኝ አገዛዝ አስተሳሰብ ሥዕላችንንም ትምህርታችንንም ነክቷል ባይ ናቸው። በመቅደላና በአባ እንጦንስ የሆነውን ላስታወሰ ሰው ይህ ክርክር እውነት አለው። ቅኝ አልተገዛንም፤ ሥዕላችን ግን ተወስዷል፣ ስሙንም የሰጡት የወሰዱት ናቸው። ሁለቱን እውነት አንድ ላይ መያዝ ኩራታችንን አያጎድልም።

ማእከሉ ስሙን የወሰደበት ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሁለት ቤት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ፤ አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የብራና ሐረግ የሚያሳምሩ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልጁ ኮሎኝ ሄዶ ተማረ፤ ተመልሶ ዓለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ቅኔም ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» በቀይ የተሞላ ሸራ ነው። ሰው አይቶት ደንግጧል፤ ረቂቅ ሥዕሉን የፈረንጅ ነው፣ የእኛ አይደለም ያሉት ብዙ ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በ1965 አገኘ። አብዮቱ ከመጣ በኋላ አገር ለቆ ወጣ፤ በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ። ጀርመን ቆይተው የተመለሱ ሥራዎቹ ናቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ለተከፈተው ሙዚየም መነሻ የሆኑት።

«የእኛ አይደለም» ለሚለው ቃል የደባርቅ ሰው መልስ አለው ብዬ አምናለሁ። የሊማሊሞን መንገድ ያሰመረው የጣሊያን መሐንዲስ ነው፤ ድንጋዩን የፈነቀለው ግን የእኛም ክንድ ነው። ያ መንገድ የተሠራው አገር ለመያዝ ነበር። ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከብቦ በ1934 ዓ.ም. መስከረም እጁን ሲሰጥ መንገዱ ለእኛ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ እህል የወጣበት፣ ሙሽራ የታጀበበት፣ በሽተኛ የተጫነበት፣ ስንት ሹፌር ጠመዝማዛውን በቃሉ ያጠናበት መንገድ ነው። ዛሬ ሊማሊሞን የጣሊያን ነው የሚል ሰው የለም። ገብረ ክርስቶስም ከኮሎኝ የመጣውን መንገድ ሄዶበት፣ የሐረርን የግንብ ብርሃንና የአባቱን ሐረግ ጭኖበት፣ የራሱ አደረገው። ልዩነቱ አንድ ነው። መንገድ ስለሚያስፈልግ በግድ ይለመዳል፤ ሥዕል ግን የሚያስለምድ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ዳይሬክተሩ ነው። ገብረ ክርስቶስ በሕይወት ሳለ ያ ሰው አልነበረውም፤ ቤቱ የተከፈተው ከሞተ ከ27 ዓመት በኋላ ነው።

ኤልሳቤጥ በመሩበት ዘመን ያ ቤት ለውጭው ዓለምም ደጁን ከፍቷል። ዴንማርክ የተወለደው አይስላንዳዊ ኦላፉር ኤሊያሰን እ.ኤ.አ. በ2015፣ አዲስ አበባ የተወለደችውና በልጅነቷ የወጣችው ጁሊ ምህረቱ በ2016 ሥራቸውን አሳይተውበታል። ጁሊ በሚሊዮን ዶላር የሚሸጥ ሸራ ያላት ሠዓሊ ናት፤ እዚህ ግን የታየችው ለተማሪ፣ ለአስተማሪ፣ ስድስት ኪሎ ከታክሲ ወርዶ ለሚገባ ሰው ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ ልጅ ሥዕል ለንደንና ኒው ዮርክ ተሰቅሎ እኛ በስልክ መስታወት ብቻ የምናይበት ዘመን ነውና።

ከሁሉ በላይ የማከብረው ሥራቸው ግን ጠልሰም ላይ ያደረጉት ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ።

ጠልሰም ከጎንደር እስከ ዳባትና ደባርቅ ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። ደብተራው ለታማሚው በግ ወይም ፍየል ያሳርዳል፤ ቆዳውን ፍቆ ብራና ያወጣል፤ ብራናውን ቀጥሎ በታማሚው ቁመት ልክ ያረዝመዋል፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። ጸሎቱ በጥቁርና በቀይ ይጻፋል። በጸሎቱ መሐል ጠልሰም የሚባለው ሥዕል ይገባል፤ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ጋኔኗን ወርዝልያን የሚወጋው ቅዱስ ሱስንዮስ፣ የሰሎሞን መርበብት፣ የኮከብ ጨረር መሐል የተቀመጠ ፊት፣ በየማእዘኑም የማይጨፈን ዓይን። ዓይኑ የሚያየው ታማሚውን የያዘውን መንፈስ ነው፤ መንፈሱ ራሱን አይቶ እንዲሸሽ። አያቴ በአንገቷ ያሰረችው ክታብ በቆዳ ተሰፍቶ የተዘጋ ነበር፤ ውስጡን ከቤተ ሰቡ አንድም ሰው አላየውም፣ እሷም አላየችውም። ሥዕሉ እንዳለ ታውቅ ነበር፤ መኖሩ ይበቃት ነበር። ስለ ሥነ ጥበብ ሳስብ ይህ ነገር እስካሁን ይከብደኛል። ማንም የማያየው ሥዕል ሰውን ሊያጽናና ይችላል፤ የሙዚየም ሐሳብ ግን በሙሉ የቆመው ሥዕል መታየት አለበት በሚለው ላይ ነው።

በብራናው ላይ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ የባለቤቱ ስም። ጸሎቱ በየመሐሉ እየቆመ የክርስትና ስሙን ይጠራል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የመጀመሪያው ስም ተፍቆ ሁለተኛው ይጻፍበታል፤ ስለዚህ አንዱ ብራና የሁለትና የሦስት ሰው ሕመም ይይዛል። እንዲህ ያለው ብራና በአውሮፓ ሙዚየሞች መሳቢያ ውስጥ በብዛት አለ። ዕቃው ተፈቶ፣ ተዘርግቶ፣ ተቆጥሮ ተቀምጧል። በመግለጫው ላይ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአስማት ጥቅልል፣ ኢትዮጵያ፣ ክፍለ ዘመኑ፣ ያመጣው ሰው ስም ነው። የወሰደው ይጠራል። የሣለው አይጠራም፣ የታመመውም አይጠራም፤ የታመመው ሰው ስም ግን እዚያው ብራናው ላይ ተጽፎ ይታያል። ኩርዓተ ርእሱን ከወሰደው እጅ ይልቅ ይህ የመግለጫ ወረቀት የበለጠ ይጎዳኛል፤ ዕቃ ሊመለስ ይችላልና።

ኤልሳቤጥ ጠልሰምን ወደዚህ መሳቢያ አልመለሱትም። ጥበቡን ከአባቶቹ የተረከበውን ሄኖክ መልካምዘርን በስሙ፣ እንደ ዘመኑ ሠዓሊ፣ ለብቻው አቀረቡት። እ.ኤ.አ. በ2024 በሻርጃ የሥነ ጥበብ ፋውንዴሽን የታየውን የጠልሰም ዐውደ ርእዩን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። የሄኖክ ጠልሰም ከክታብ ወጥቶ ሰፍቷል፤ ዓይኑና መርበብቱ እንዳለ ነው፣ ቀለሙ ግን የራሱ ነው። እስክንድር ከጠልሰም ተምሮ ዘመናዊ ሠዓሊ ሲባል ብዙ ሰው አጨብጭቧል፤ የጠልሰሙን ባለቤት ራሱን ዘመናዊ ብሎ በዚያው ግድግዳ መስቀል ግን ሌላ ድፍረት ነው። በባር ሠንጠረዥ ቋንቋ ብንናገር፣ ቀስቱ የሚወጣባት ሣጥን ተከፍታ ከውስጧ ሰው ወጣ ማለት ነው። የአንድ ዳይሬክተር ዕድሜ በሙሉ ለዚህ አንድ ሥራ ቢውል በቂ ነው ብዬ አስባለሁ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ፣ ሳልደብቅ ልናገር። ጠልሰም ከአንገት ወርዶ ግድግዳ ላይ ሲወጣ የሚያጣው ነገር አለ። እኛ ሰሜኖች ይህን በሌላ በኩል አይተነዋል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት ውስጥ አንዱ ነው፤ ከላሊበላ ጋር በአንድ ዓመት። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጎራ ተመደበ፤ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው እንዲያገግሙ ሲባል የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከተራራቸው ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያው መትረፍ ነበረበት፤ ይህን አልክድም። ግን ከግጭ የተነሣ አዛውንት ደባርቅ የቀበሌ አጥር ሥር ተቀምጦ ወደ ተራራው ሲያይ ካየሁ በኋላ፣ ቅርስ ተጠበቀ የሚለውን ዜና ስሰማ ከማን ተነጥሎ ብዬ እጠይቃለሁ። ዳይሬክተርም ይህ ጥያቄ ሊለቀው አይገባም። ጠልሰሙን ያከበረ ሙዚየም ደብተራውን ካላከበረ፣ በመንደሩ ጠንቋይ እየተባለ ሲሰደብ ዝም ካለ፣ ያዳነው ቆዳውን ነው።

በዚህ ረገድ ዞማ የሚያስተምረው ነገር አለ። መስከረም አሰግድ ከሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ጋር አዲስ አበባ ላይ የገነቡትና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው በጭቃና በጭድ፣ በባላገር ግንበኛ ዕውቀት ነው የተሠራው። ግንበኛውን ራሱን እንደ ሠዓሊ ቆጥረውታል፤ ግድግዳው ላይ ያለው የእጅ ንድፍ ሊሰቀልበት ከመጣው ሥዕል አያንስም። የደባርቅ ልጅ እዚያ ቢገባ በረቱንና የአባቱን ቤት ያውቅበታል። መስከረምና ኤልሳቤጥ መንገዳቸው የተለያየ ነው፤ አንዷ በአፈርና በእጅ፣ ሌላዋ በመዝገብና በክርክር። ሁለቱም ግን ስም የሌለውን በስሙ ጠርተዋል።

ኤልሳቤጥ በኋላ ሥራቸውን በሻርጃ፣ በአፍሪካ ኢንስቲትዩት አደረጉ። የሄኖክም ትልቁ ዐውደ ርእይ የታየው እዚያ ነው። ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን ድንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ የተከለችው እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሆን የታየው ተስፋዬ ኡርጌሳ ለብዙ ዓመት ጀርመን የኖረ ሠዓሊ ነው። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። አዋቂ ሰው ሊሠራ የሚችልበት ቤት ይፈልጋል፤ ገንዘቡና ጊዜው ባለበት ቢሠራ የሚደነቅ ነገር የለም። ግን ከገብረ ክርስቶስ ጀምሮ የቤታችን ባለ ቁልፎች ውጭ ሲያድሩ ቤቱ ምን ይሆናል የሚለው የእኛ ጥያቄ ነው፤ ለእሳቸው የሚወረወር አይደለም።

ስለዚህ ወደ ራሳችን ደጅ ልምጣ። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ቱሪስት ለሰሜን ተራሮች የሚነሣባት ከተማ ናት። አንድ ቀን እዚህ የሥዕል ቤት ቢከፈት፣ ዳይሬክተሩ ወይም ዳይሬክተሯ ከምን እንዲጀምሩ እመኛለሁ? ከደረስጌ ገበዝ። ዕቃ ለመውሰድ ሳይሆን ለመማር። ገበዙ ምን እንደሚታይ፣ መቼ እንደሚታይ፣ ለማን እንደሚታይ ያውቃል፤ ይህ የትኛውም የሙዚየም ትምህርት ቤት ጨርሶ የማያስተምረው ዕውቀት ነው። ቀጥሎ ብራና ፋቂውን፣ ቀለም በጥባጩን፣ ጠልሰም ጸሐፊውን በየስማቸው መመዝገብ ይገባል፤ እነርሱ ከፈቀዱ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የሰሜኑ ጦርነት እዚህ አፋፋችን ሲደርስ፣ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ያን ሐዘን የሚሥል ሰው ይመጣል፤ መምጣቱም አይቀርም። ሠዓሊው እሸቱ ጥሩነህ የ1966 ዓ.ም.ቱን ረሀብ ሲሥል አገር የደበቀችውን ነገር ፊት ለፊት አስቀምጧል፤ ሠዓሊ እንዲህ ማድረግ ይገባዋል። የዳይሬክተሩ ፍርድ ግን ከሠዓሊው ይለያል። የጭናን ሥዕል መጀመሪያ አዲስ አበባ ወይም ፓሪስ ይስቀል? ሽልማት ያግኝ፣ በመጽሔት ይውጣ፣ ከዚያ ወደ ዳባት ይምጣ? በእኔ እምነት መጀመሪያ የሚታየው ጭና ላይ፣ ለሟቾቹ ቤተ ሰቦች መሆን አለበት። እነርሱ ይሰቀል ካሉ ይሰቀል። የእገሌ ስም ቀርቷል ካሉ ስሙ ይግባ። ገና ነው፣ ሸፍኑት ካሉ፣ ዳይሬክተሩ ሸፍኖ ዕቃ ቤት ያስገባው፤ ቁልፉንም እዚያው፣ ለአገሩ ሽማግሌዎች ይተውላቸው።